ድምፅ አልባው መኪና በሃሮ አዲ

ሌባ ብዙ አይቻለሁ። ዶሮ የሰረቀ፣ የመብራት ሽቦ ቆርጦ የሸጠ፣ የገዛ አማቱን በግ ነድቶ የተያዘ ሁሉ በእጄ አልፏል። የአንድ መንደር ውሃ ይዞ የተሰወረ ሌባ ግን ያየሁት በሃሮ አዲ ብቻ ነው።

ሃሮ አዲ ከደራ መንገድ ወደ ሐይቁ ገንጠል ብሎ፣ አሸዋማ ዳገት ተሻግሮ የሚገኝ መንደር ነው። የመጠጥ ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ይወጣል። የሚያወጣው ደግሞ ባለ ጎማ ተጎታች ላይ የተጫነ ትልቅ ጄኔሬተር ነው። በገበያ ቀን መንደሩ በሙሉ ደራ ይወርድና ቤቱ ሁሉ ጭር ይላል። ያን ዕለት የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ገላኔ ከገበያ ተመልሳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ ልትለቅ ወደ ጉድጓዱ ቤት ብትሄድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጓጉንቸሩ ተቆርጦ መሬት ወድቋል። ጄኔሬተሩ በቆመበት ሲሚንቶ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል።

«ኡኡ አልኩ» አለችን በማግስቱ። «ሰው የሞተብኝ ይመስል ኡኡ አልኩ። ይኼ ውሃ ከመምጣቱ በፊት ልጆቻችን የሐይቅ ውሃ እየጠጡ ስንት ጊዜ ታመዋል መሰላችሁ? ማን ጨካኝ ነው ይኼን የሚያደርግ?»

እኔ ሳጅን ማስረሻ ነኝ። ሙቀትና ውሸታም አልወድም። በእኛ ሥራ ላይ ሁለቱም አይጠፉም። አለቃዬ ኢንስፔክተር ኤቢሴ ናት። በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው፣ በማዕረግ ግን አዛዤ ናት፤ እሷ «ጋሽ ማስረሻ» ትለኛለች፣ እኔ ሳበሳጫት እንኳን «ኢንስፔክተር» ነው የምላት። የደራ ገበሬ ልጅ ስለሆነች እዚያ አካባቢ ስንሄድ ጫማዋን አውልቃ መሮጥ የሚያምራት ይመስለኛል።

ከጉድጓዱ ቤት በስተታች፣ ቁልቁል ሲል የሚገኘው ብቸኛ ቤት የኦቦ ጉቱ ነው። ኦቦ ጉቱ ባለ ጋሪ ነው። በግቢው በራፍ በርሜል የተጫነባቸው ጋሪዎች ተደርድረዋል፣ ሴቶቹም ጀሪካናቸውን ይዘው የሐይቅ ውሃ ሊገዙ ተሰልፈዋል። ጓሮው ውስጥ ትልቅ የጭድ ክምር አለ፤ ክምሩ ሥር አንዲት ላም ታስራ ያለማቋረጥ ትጮኻለች።

«ምን ሰሙ?» አለችው ኢንስፔክተር።

«ምንም! ጉዱ እሱ ነው እኮ፣ የኔ እመቤት! ወገቤን አሞኝ ገበያ አልሄድኩም፣ ጋደም ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ብቅ ብል አንድ ትልቅ ነጭ መኪና ጄኔሬተራችንን ከኋላው ብረት ላይ አስሮ ዳገቱን ይወጣል። ዋቃ ምስክሬ ነው፣ ትንፍሽ አይልም! እንደ ጥላ ሹልክ ብሎ ሄደ። እነዚህ ቻርጅ የሚደረጉት መኪናዎች ናቸዋ! ድምፅ ቢኖረው ኖሮ እዘልልበት ነበር።»

«ላሚቱ ምን ሆና ነው?»

«እሷ? ጥጋብ ነው። ጭዱ አፍንጫዋ ሥር ነው፣ አያዩም?»

ዳገቱ ላይ ወጣን። የገበያ ሰውና ከብት አሸዋውን አበራይቶታል። ጠርዝ ጠርዙን ግን ሰፊና አዲስ የመኪና ጎማ አሻራ ቀርቷል። ኢንስፔክተር ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያ ዞር ብላ የጉቱን ላም አየቻት።

«ምን ታያለሽ?» አልኳት። «ሌባው መኪና ነው፣ ላም አይደለም።»

«ጩኸቷ ደስ አላለኝም» አለችኝ።

*

አዳማ ስንገባ ነጩን መኪና ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ጋሽ አብዱልሃኪም ያን መኪና ካመጣ ወዲህ በሻይ ቤቱ ሌላ ወሬ የለም። ቻርጅ የሚደረግ ሃይብሪድ ነው፤ በባትሪም በቤንዚንም ይሄዳል። «አራቱም ጎማ ይጎትታል! ሲኖትራክ ቢበላሽ አስሬ አወጣዋለሁ!» ይላል፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ። የሚያበሽቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም የልጁ የዙለይካ እጮኛ አባት፣ አሮጌ ናፍጣ መኪናውን እንደ ልጁ የሚወደው ጋሽ ሆራ ነው። «ያን በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ አሻንጉሊትህን አስፋልት ላይ ብቻ አጫውተው» ይለዋል።

ቤቱ ስንደርስ ድንኳን ይተከላል። የዙለይካ ሰርግ በመጪው እሁድ ነው። ጋሽ ሆራም ለዝግጅቱ መጥቶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። መኪናው ታጥቦ ያብለጨልጫል። ጎማውን አየሁት፤ ከዳገቱ አሻራ ጋር ጥርሱ ሁሉ አንድ ነው።

«በገበያው ቀን ሃሮ አዲ ነበሩ?» አለችው ኢንስፔክተር።

«ነበርኩ» አለ ጋሽ አብዱልሃኪም። «ለሰርጉ ሰንጋ ልገዛ ሄጄ።»

«ሰንጋውን ገዙ?»

«አልገዛሁም።»

«ታዲያ ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ የት ነበሩ?»

አፉን ከፈተ። ጋሽ ሆራን ሰረቅ አድርጎ አየውና መልሶ ዘጋው። «ስዞር ነበር» አለ።

«ማን አየዎት?»

«አላህ!»

የማይታበል ምስክር ነው፣ ጣቢያ መጥቶ ቃሉን ግን አይሰጥልንም። ስለ ጄኔሬተሩ ስንነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ከዚያ ላብ በላብ ሆነ። የት እንደዋለ ግን ወይ ፍንክች። ያለው አማራጭ አንድ ነበርና ይዘነው ወጣን።

ጋሽ ሆራ ከወንበሩ ተነሣ። ሳቅ ጨዋታው ሁሉ ጠፍቶበታል። «ሰውዬ፣ ጓደኛዬ ነህ» አለው። «ነገር ግን እስከ እሁድ ስምህ ካልጠራ፣ ሽማግሌዎቼ እዚህ ድንኳን ውስጥ አይገቡም። ልጄን ከሌባ ቤት አላጋባም፤ ቁርጥህን ዕወቅ።»

ዙለይካ በመስኮት ትሰማ ነበር። እጇ ላይ ያለው ሂና እንኳን ገና አልደረቀም። አላለቀሰችም፣ አባቷን ብቻ ትኩር ብላ አየችው። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን በላችው።

*

ኮማንደሩ ደስ አለው። «ጎማው ተገኘ፣ ሰውየው ተገኘ፣ ዓይን እማኝ አለ። ጄኔሬተሩን ብቻ አምጡልኝ» አለን።

ወዲያው ደግሞ ስልክ ተደወለ። ሞጆ፣ ወደ ደረቅ ወደቡ መግቢያ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ባለ ተጎታች ጄኔሬተር ሸራ ተሸፍኖ ቆሟል ተባለ። ፒክአፑን አስነሥቼ በረርኩ። በኮንቴይነር ጫኝ መኪናዎች መሀል እየተሹለከለክን፣ አቧራ በልተን፣ ግቢውን ሰብረን ለመግባት ምንም ሳይቀረን አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ ከፈተልን። ሸራውን ገለጥን። ዓይነቱ አንድ ነው፤ ተጎታቹም አንድ ነው። ጄኔሬተሩ ግን በሩን የከፈተልን የመንገድ ሥራ ተቋራጭ የአብተው ነው፤ ለጥገና ከቆመ ቆይቷል፣ ሥሩ ሣር በቅሎበታል።

«ሌባ መሰልኳችሁ እንዴ?» አለ አብተው፣ ቱግ ብሎ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለችው ኢንስፔክተር። «ለመሆኑ ይኼ ነገር ክብደቱ ስንት ይሆናል?»

«ከነተጎታቹ ከሁለት ቶን ተኩል ያልፋል። ምነው?»

«ላስቸግርዎት እችል ይሆናል» አለችው። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን ወደ አዳማ በመመለሴ መንገዱን ሁሉ እያጉረመረምኩ ነዳሁ።

*

ጣቢያ ስንደርስ ዙለይካ ትጠብቀናለች።

«ኢንስፔክተር፣ አባቴ አልሰረቀም» አለች። «ይህን ያልኩት ልጁ ስለሆንኩ አይደለም። መኪናውን ከሱ በላይ የምነዳው እኔ ነኝ። ያን ነገር መጎተት አይችልም።»

«አራቱም ጎማ ይጎትታል ይላሉ እኮ አባትሽ።»

«እሱ የሚለው ብዙ ነው!» አለችና ወደ ግቢው ይዛን ወጣች፤ መኪናውን በኤግዚቢትነት አቁመነው ነበር። «እዩት። ሞተሩ ኃይሉን የሚሰጠው ለፊት ጎማ ነው። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም። አስፋልት ላይ፣ ዝናብ ላይ፣ ጠጠር ላይ አንደኛ ነው። አሸዋ ላይ ግን ያ የኋላው ሞተር ሲግል ራሱን ያጠፋል። ባትሪው ደግሞ ሆዱ ሥር ተኝቷል። ከባድ ነው፣ ወደ መሬትም ያስጠጋዋል። የሚጎትተውም ቢበዛ አንድ ቶን ተኩል ነው፣ ያውም ፍሬን ያለው ተጎታች በደህና መንገድ ላይ። ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ!› ነው መልሱ።»

ኢንስፔክተር ወደ መኪናው ኋላ ዞረች። ጋሽ አብዱልሃኪም ለጌጥ ያስገጠመው የመጎተቻ ብረት አለ፤ ኳስ የመሰለው ጫፉ ጥቁር ቀለሙ አንዲት ጭረት የለውም። ተጎታች የነካው ብረት እንዲህ አይሆንም። ከዚያ ወደ ፊት ለፊቱ ሄዳ ተንበረከከች። ከታች ባለው የመጎተቻ ቀለበት ውስጥ አንድ ቁራጭ ነገር ተቀርቅሯል። መዝዛ አወጣችና አሸተተችው፣ ፊቷም በራ።

«ጋሽ ማስረሻ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቆዳ።»

«ጠፍር ነው! የቀንበር ጠፍር። በሬ የሚጠመድበት።» ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ኑ፣ ሰውየውን እናናግረው።»

ጋሽ አብዱልሃኪም እስር ቤት አድሮም ኩራቱ አልወረደም።

«ጥሩ ዜና አለኝ» አለችው ኢንስፔክተር። «መኪናዎ ጄኔሬተሩን መጎተት እንደማይችል ደርሰንበታል። ይህን ቃል ይስጡኝና የት እንደዋሉ ይንገሩኝ።»

«የማን መኪና ነው የማይችለው?»

«የእርስዎ።»

«የኔ መኪና?» ብድግ አለ። «ጄኔሬተር? ጄኔሬተር ምን አላት! ይጎትታል! ዳገቱንም እያፏጨ ይወጣል!»

«ጋሼ፣ ሰምተውኛል? ይችላል ካሉ ሌባ ነዎት ማለት እኮ ነው።»

«ሌባ አይደለሁም! መኪናዬ ግን ይችላል!»

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ጭንቅላቴን ያዝኩ። በሥራ ዘመኔ ጥፋቱን የሚክድ ተጠርጣሪ አይቻለሁ፤ ነፃ የሚያወጣውን ነገር የሚክድ ግን አላየሁም። ኢንስፔክተር ቁራጩን ጠፍር ጠረጴዛው ላይ ስታኖርለት ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከመኪናዎ አፍንጫ። የማን በሬ ነው?»

«ቃል የለኝም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

*

ሐይቁ ዳር የሚያርስ ገበሬ ብዙ አይደለም። ከሃሮ አዲ ማዶ፣ አሸዋው ውሃውን በሚነካበት ቦታ አንድ ሽማግሌ ሁለት ግዙፍ በሬዎች ጠምዶ አገኘነው። የቀንበሩ አንዱ ጠፍር አሮጌ ነው፣ ሌላኛው ግን አዲስ፣ ገና ፀጉሩ ያልረገፈ።

«አካም ጂርቱ፣ አባ?» አለችው ኢንስፔክተር።

«ፈያ፣ ልጄ። ነጋ ጂርታ?»

ስሙ ኦሊቃ ነው። ጠፍሩን ስታሳየው እንደ ጠፋ ልጁ ተቀበላት። «ይኼ የኔ ነው። ከየት አገኘሽው?» አለና፣ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

«መቼ ተበጠሰ፣ አባ?»

«አልናገርም።»

«በገበያው ቀን ነው? ነጭ መኪና ነበር?»

«ልጄ፣ ምያለሁ። አንድ ሰው እጄን ይዞ ‹ለማንም አልናገርም በል› አለኝ፣ እኔም በልጆቼ ማልኩ። የማልኩለት ሰው ራሱ በአንደበቱ ካልፈታኝ አፌ አይከፈትም።»

«ሰውየው ታስሯል እኮ!»

ሽማግሌው ደነገጠ። ሞፈሩን ለቀቀ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ከልቡ አዘነ። «ታዲያ አምጡት፣ ይፍታኝ» አለ። «እናንተ ዘንድ ሕግ አለ፣ እኔ ዘንድ መሐላ አለ።»

ኢንስፔክተር ጣቢያ ተመልሳ ጋሽ አብዱልሃኪምን ለመነችው። «መሐላ የሚባል አላውቅም» አለ። ኮማንደሩም አልራራም። «የብረቱን ቀለም መልሶ መቀባት ይቻላል፣ ልጅ ለአባቷ ትመሰክራለች፣ ሽማግሌውም ቃል አልሰጠም። ዓይን እማኜ ጉቱ ነው።»

«እሺ» አለች ኢንስፔክተር። «እንግዲያውስ ያየውን ነገር ደግመን እናሳየው። እዚያው ዳገት ላይ፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው ክብደት።»

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሃሮ አዲ ሰው ሞላበት። የአብተው ጄኔሬተር ከሞጆ በከባድ መኪና ተጭኖ መጥቶ ጉድጓዱ ቤት አጠገብ ወረደ፤ ተቋራጩ መጀመሪያ ቢያኮርፍም ነገሩን ሲሰማ «ይኼንማ ሳላይ አልቀርም» ብሎ አብሮ መጣ። ጋሽ ሆራ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ፣ ክንዱን አጣጥፎ ዛፍ ሥር ቆሟል። ጋሽ አብዱልሃኪም በሁለት ፖሊሶች መሀል ነው። ኦሊቃም ኢንስፔክተር ስለጠራችው በሬዎቹን ይዞ ከሰዉ ኋላ ቆሟል። ጉቱ ደግሞ የሰርግ ሎሌ ይመስል ወዲያ ወዲህ ይላል።

መኪናውን የምትነዳው ዙለይካ ናት። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጄኔሬተሩን ከኋላው ብረት ላይ አሰርነው፤ ብረቱ ገና ሲነካ ጥቁር ቀለሙ ተላጠ። ኢንስፔክተር ለኮማንደሩ በጣቷ አሳየችው፣ እሱም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ንጂ!» አለቻት።

መጀመሪያ ሜዳው ላይ እውነትም ድምፅ የለውም። ሹልክ እያለ፣ ቀስ እያለ ሳበው። ጉቱ «አላልኳችሁም! አላልኳችሁም!» እያለ ዘለለ። ጋሽ አብዱልሃኪምም፣ ጉቱ የሚመሰክርበትን ነገር ረስቶ፣ በኩራት ደረቱን ነፋ። ፈጣሪ ያሳያችሁ!

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ጎማው አሸዋውን እንደነካ ሞተሩ ተነሣና መንደሩን አናጋው። ዙለይካ ረገጠች፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ልጆች ጆሯቸውን ያዙ፣ ዶሮዎች ተበተኑ። የፊት ጎማዎቹ አሸዋ ወደ ላይ እየረጩ ራሳቸውን ቀበሩ። የኋላዎቹ ትንሽ ታገሉና ቀጥ አሉ። መኪናው በሆዱ ተኛ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ጄኔሬተሩ ዳገቱን አንዲት ክንድ እንኳን አልወጣም።

ዙለይካ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። እሁድ ሙሽራ የምትሆን ልጅ ፀጉሯ ላይ አሸዋ ሞልቷል። «አባዬ» አለች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ይኸው አየህ። ይኼ መኪና አልቻለም፣ እኔ ግን እሁድ ማግባት እፈልጋለሁ። ምረጥ።»

አብዱልሃኪም ልጁን አየ። ጋሽ ሆራን አየ። ላቡ በጺሙ ይወርዳል። ከዚያ ሰማይና ምድር የሚሰማው ጩኸት ለቀቀ።

«ኦሊቃ! ፈትቼሃለሁ! በሬዎቹን አምጣ!»

ሽማግሌው ትልቅ ሸክም የወረደለት ያህል «ገለቶሚ!» ብሎ አመስግኖ በሬዎቹን ነድቶ ወጣ። ጄኔሬተሩን ፈታን። አዲሱን ጠፍር በመኪናው የፊት ቀለበት ውስጥ አሳልፎ አሰረ፤ ቦታውን ሳይፈልግ ነው ያገኘው፣ እጁ ያውቀዋላ። «ሃ!» አለ። በሬዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቡ። ነጩ መኪና እንደ ሕፃን ተጎትቶ ወጣ።

«በገበያው ቀንም እንዲሁ ነው ያወጣሁት» አለ ኦሊቃ፣ ለኮማንደሩ። «ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ ሊፎክርበት ገብቶ ከቀትር ጀምሮ ተቀብሮ ዋለ። ጠፍሬም የተበጠሰው ያኔ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወጣ። ‹አደራህን፣ ጋሽ ሆራ እንዳይሰማ› አለኝ።»

ሁሉም ጋሽ ሆራን አየ። ጋሽ ሆራ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ሆዱን ያዘ፣ ከዚያ ዛፉን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ! ይኼን እንዳልሰማ ብለህ ነው እስር ቤት የከረምከው?»

«አዎ!» አለ አብዱልሃኪም። «አንተ ከምታውቅ ብዬ!»

ሁለቱ ተቃቅፈው ሲስቁ ኢንስፔክተር አልሳቀችም። ወደ ጉቱ ዞራ ነበር።

«ኦቦ ጉቱ፣ ሰሙ?»

«ምኑን?»

«ሞተሩን። መንደሩ በሙሉ ጆሮውን ይዟል። ያን ዕለት እርስዎ እዚሁ አልጋዎ ላይ ሆነው አልሰሙም?»

«እንግዲህ... ሌላ መኪና ይሆናላ!»

«ሌላ ከሆነ ናፍጣ ነው፣ ናፍጣ ደግሞ ይህን ጎትቶ ዳገት ሲወጣ ደራ ድረስ ይሰማል። እርስዎ ግን ድምፅ የለውም ብለዋል። ድምፅ ያልነበረው መኪና ስላልነበረ ነው። ነጩ መኪና ወደ ሐይቁ ሲያልፍ አይተውታል፣ ቻርጅ የሚደረግ መኪና አይጮኽም ሲባል ሰምተዋል፣ እሱን ይዘው ታሪክ ፈጠሩ። ጄኔሬተሩ ይህን ዳገት አልወጣም።»

ሰዉ ተንጫጫ። ገላኔ «ታዲያ የት ገባ?» ብላ ጮኸች።

ኢንስፔክተር ወደ ኦሊቃ ዞራ ፈገግ አለች። «አባ፣ በሬዎችህ ደክመዋል። ኦቦ ጉቱ ጭድ ሞልቶታል፣ ያቅምስልን።»

«የለም የለም!» አለ ጉቱ። «ጭዱ ሻግቷል፣ ከብት ይገድላል!»

ኦሊቃ ግን በሬዎቹን ወደ ጓሮው እየነዳ ነበር። ከቀንበር የወጣ በሬ ጭድ ሲያይ ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም። በሬዎቹ እየቸኮሉ ደረሱ፣ አፍንጫቸውን ክምሩ ውስጥ ከተቱ፣ እፍ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የታሰረችው ላም እንደገና ጮኸች።

«ይኸው ጥጋበኛዋ» አለች ኢንስፔክተር። «እኔ የጭድ ክምር ሥር ያደግሁ ነኝ፣ ኦቦ ጉቱ። የቆየ ክምር ላዩ በፀሐይ ይጠቁራል፣ የእርስዎ ግን ትናንት የተከመረ ይመስል ላዩ ቢጫ ነው። ተንዶ እንደገና ተከምሯል። ጋሽ ማስረሻ፣ አሽትተው።»

እፍኝ ጭድ አንሥቼ አሸተትኩ። «ናፍጣ!» አልኩ፣ ሳላስበው ጮኼ።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይጠብቃል። ሴቶቹ ናቸው የተነሡት፤ ገላኔ ከፊት፣ መንሽ ያለው በመንሽ፣ የሌለው በእጁ። ጭዱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ከመሀል መጀመሪያ አንድ ጎማ ታየ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሽፋን፣ ቀጥሎ የሃሮ አዲ ጄኔሬተር ሙሉ በሙሉ ወጣ። እልልታው ሐይቁን ተሻገረ።

ጉቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ጉድጓዱ ከመጣ ጀምሮ ጋሪዬን የሚጠራ ጠፋ» አለ። «ውሃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገኝ እኔ ነበርኩ።» የጋሪ ፈረሶቹን ጄኔሬተሩ ላይ ጠምዶ፣ ድንጋይ እያስደገፈ ቁልቁል ወደ ጓሮው አወረደው። የጋሪውም የተጎታቹም ጎማ የመኪና ጎማ ስለሆነ በራፉ ላይ ያለውን ዱካ ማንም ሁለቴ አላየውም።

«ልጆቻችንን የሐይቅ ውሃ ስታጠጣ!» አለችው ገላኔ። ልትመታው እጇን አነሣች፣ ከዚያ መለሰችው። «ውሰዱልኝ፣ ዓይኔ አይየው።»

ጄኔሬተሩን ወደ ቦታው የመለሱት የኦሊቃ በሬዎች ናቸው። ገላኔ ስታስነሣው እንደ ሽማግሌ ሳል ሳል አለና ተነሣ። ቧንቧው መጀመሪያ ነፋስ አወጣ፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ቀጥሎ የጠራ ውሃ። ዙለይካ ፀጉሯን ከቧንቧው ሥር አድርጋ አሸዋዋን ታጠበች፣ ሴቶቹም እየጨፈሩ ረጯት። እኔ ባርኔጣዬን ሞልቼ አናቴ ላይ ደፋሁት። አታላግጡብኝ፣ ሙቀት አልወድም ብያለሁ።

*

እሁድ ድንኳኑ ሞላ። የጋሽ ሆራ ሽማግሌዎች በሙሉ ገቡ፣ አንድም አልቀረ። ገላኔና የሃሮ አዲ ሴቶች እንግዳው ሁሉ የሚጠጣውን ውሃ ከጉድጓዳቸው ቀድተው በጀሪካን ይዘው መጡ፤ «ብርሌ ውስጥ አድርጉት፣ የክብር ውሃ ነው» አሉ። አብተው ሞጆን ጥሎ መጣ። ኮማንደሩም መጣ፣ ከኢንስፔክተር ጎን ተቀምጦ «ላሟን መቼ ነው የጠረጠርሽው?» ብሎ ጠየቃት።

«መጀመሪያ ስትጮኽ» አለችው። «የተራበ ከብት ድምፅ እለያለሁ። ጭድ አጠገቡ ቆሞ የሚራብ ከብት ግን አላውቅም።»

ጋሽ አብዱልሃኪም የክብር ወንበር ላይ ኦሊቃን አስቀምጦ፣ ማይክ ተቀበለ። ሙሽሮቹ የሚሄዱበት ነጩ መኪና በአበባ አሸብርቆ ድንኳኑ በራፍ ቆሟል። የፊት ቀለበቱ ላይ፣ በቀይ ሪባን የታሰረ አዲስ የቀንበር ጠፍር ተንጠልጥሏል።

«ወዳጆቼ» አለ። «ይህ መኪና አስፋልት ላይ ንጉሥ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ቤንዚን አይጨርስም፣ ልጄም ትወደዋለች። ሲኖትራክ ይጎትታል ያልኩት ውሸት ነው። ጄኔሬተር እንኳን አይጎትትም። አሸዋ ላይ ስትገቡ ኦሊቃን ጥሩ!»

ጋሽ ሆራ ቀድሞ ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ድንኳኑም ተከተለው። ኦሊቃ አፍሮ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ዙለይካ ከባሏ ጋር መኪናው ውስጥ ገባች፣ ቁልፉን ራሷ ያዘች። መኪናው አንዲት ድምፅ ሳያሰማ ከበራፉ ተነሣ፣ እኛም እልልታችንን እያሰማን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘነው።